ባዳው ዘመዳችን

ታኅሣሥ 19 ቀን 1972 ዓ.ም.

ሕንዱ መጣ። ጋሽ ሐጎስ ግን እስካሁን እየጠበቁት ነው።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። የሒሳብ መምህራችን ተቀይሮ ከሄደ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ያለ ሒሳብ ከርሟል፤ በተማሪው ጤና ላይ የደረሰ ጉዳት አላየሁም። ርእሰ መምህራችን ጋሽ ሐጎስ ግን ሕንዳዊ መምህር እንደተመደበልን ከአዲስ አበባ ከሰሙ ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። እሳቸው ተማሪ ሳሉ አንድ ሕንዳዊ አስተምሯቸዋል፤ ጥምጣሙ እንደ መሶብ፣ ጢሙ እስከ ደረት። ሕንድ ማለት ለእሳቸው ያ ነው። ዛሬ መምህራኑንና አንድ ክፍል ተማሪ አሰልፈው አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ለፀሐይ ሰጡን።

አውቶቡሱ ከደሴ ቆቦ ገባ። ሰው ወረደ፣ ፍየል ወረደ፣ የዘይት በርሜል ወረደ። ጥምጣም አልወረደም። አንድ ጠቆር ያለ፣ ፀጉሩ ከርደድ ያለ የእኛው አገር ሰው ብቻ የቆርቆሮ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ጋሽ ሐጎስ ጠጋ አሉት።

«ወንድሜ፣ ሕንድ የሚመስል ሰው አብሮህ አልተሳፈረም?»

ሰውየው ፈገግ አለ። ጋሽ ሐጎስ በትግርኛ ደገሙለት። ፈገግታው ሰፋ። አንድ ጨው ነጋዴ በአፋርኛ ሞከረው፤ አንድ ሽማግሌ ድሮ የሚያውቋትን ኦሮምኛ አወጡለት። ሁሉንም በእኩል ፈገግታ ተቀበለ። እኔ የታሪክ መምህርት ነኝ፤ ተስፋ ስቆርጥ እንግሊዝኛ እናገራለሁ። ተናገርኩ። ሰውየው ተነስቶ እጁን ዘረጋልኝ።

«የምትጠብቁት ሕንድ እኔ ነኝ መሰለኝ» አለ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ።

ጋሽ ሐጎስ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው ከወንበር ሥር ሳይቀር ፈትሸው ወረዱ። «ወይ ጉድ» አሉ፤ «ሕንድ አለቀባቸው እንዴ?»

ታኅሣሥ 22

ስሙ ሲዲ ጁማ ነው። ሲዲ የወገኖቹ መጠሪያ ነው፤ በምዕራብ ሕንድ፣ ጉጅራት በሚባል አገር ይኖራሉ። ቋንቋ እስኪለምድ የማስተናግደው እኔ እንድሆን ተወስኗል። የወሰንኩት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ ስለምችል ነው።

ቤት ተገኘለት፤ እማማ ራቢዓ ግቢ፣ ከከተማው ጥግ ወደ ጎሊና ወንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ። እሱም ይሰግዳል፣ እሷም ትሰግዳለች፣ ይመቻቸዋል። ግቢው በከተማ ቀበሌ ሳይሆን በገበሬ ማኅበሩ ሥር ነው። እማማ ራቢዓ ዘመዴ ናት፤ የአባቷ ወንድም ክርስትና ተነስቶ ጎብዬ ገባ፣ የእናቴ አያት እሱ ነው። ራያ እንዲህ ነው። አንዱ ወንድም ይሰግዳል፣ አንዱ ይሳለማል፣ በሬ ሲጠፋ አብረው ይፈልጋሉ።

«የማን ልጅ ነው?» አለችኝ ሳጥኑን ሲያስገባ።

«ሕንድ ነው እማማ።»

«ዓይኔ ደከመ እንጂ አልጠፋም። የማን ልጅ ነው?»

እዚህ ላይ ነው አፌን መያዝ የነበረብኝ። «የእናንተው ነው» አልኳት። «ድሮ ባሕር ማዶ ከተወሰዱት የአንዱ የልጅ ልጅ።» ለቀልድ ነው ያልኩት። ግማሹን ደግሞ አንብቤዋለሁ፦ ከእኛ አገር እየተነዱ በመርከብ ሕንድ የተሻገሩ፣ እዚያም «ሐበሺ» ተብለው ባሪያም፣ ወታደርም፣ አንዳንዴም ገዢ የሆኑ ብዙ ናቸው። ቀልድና ታሪክ ሲቀላቀሉ አደገኛ መሆናቸውን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ።

እማማ ራቢዓ ሰውየውን አላየችም። እኔን ነው ረጅም ጊዜ ያየችኝ። ከዚያ «የጅብሪል ዘር ነዋ» ብላ ውሃ ልትቀዳለት ገባች።

ጅብሪል ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ታኅሣሥ 24

ጅብሪል ታወቀ። ከእማማ አባትና ጎብዬ ከገባው ወንድማቸው ቀጥሎ ሦስተኛው፣ ታናሹ። ልጅ ሳለ ከጨው ነጋዴ ግመሎች ጋር ወደ አፋር በረሃ ወርዶ የቀረ። የሰማሁት ከገበያ ነው። ከዋጃ የመጣች ቅቤ ሻጭ እንኳ ታውቃለች። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዘመዳችሁ ተገኘ አሉ» አለችኝ። ቅቤው ላይ አልቀነሰችልኝም።

ታኅሣሥ 30

ጁማ ዛሬ ስለ አገሩ አወራኝ። የፈተና ጥያቄ ልናወጣ ነበር የተቀመጥነው፤ ፈተናው አልወጣም።

መንደራቸው አንድ ኮረብታ ሥር ነው። ኮረብታው ላይ ከሐበሻ ምድር መጣ የሚባል የባባ ጎር መቃብር አለ፤ እስላሙም ሂንዱውም ይሳለመዋል። የጁማ አባት የመቃብሩ ከበሮ መቺ ናቸው። በበዓል ቀን «ዳማል» የሚሉትን ጭፈራ ይጨፍራሉ፤ አንዱ ኮኮናት ወደ ላይ ወርውሮ ሲወርድ በአናቱ ይሰብረዋል። ከወገኖቹ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ እሱ የመጀመሪያው ነው፤ እናቱ ዲግሪውን መቃብሩ ላይ አስቀምጣ አስባርካዋለች። ሒሳቡ ባይገባት እንኳ ጥንቃቄዋ አስደሰተኝ።

«ከየት መጣችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት፣ ስለ ጅብሪል እያሰብኩ።

«አያቴ በመርከብ መጣን ትላለች። ከየትኛው ወደብ፣ አታውቅም። ከዘፈኖቻችን ውስጥ ማንም ትርጉማቸውን የማያውቃቸው ቃላት አሉ። እንዘፍናቸዋለን እንጂ አይገቡንም።»

ከዚያ ሳቀ። «አገሬ ባቡር ላይ ስሳፈር ‘ከአፍሪካ መቼ መጣህ?’ ይሉኛል። ፓስፖርት አሳይ ያለኝም አለ። አፍሪካ ስመጣ ደግሞ ርእሰ መምህራችን ሕንድ አይደለህም አሉኝ። እማማ ብቻ ናት ምንም ያልጠየቀችኝ። ስገባ ‘በላህ?’ ነው የምትለው።»

ቀልዱን ልነግረው አሰብኩ። ሌላ ቀን እነግረዋለሁ።

ጥር 8

ጉድ ነው። ትላንት አመሻሽ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ደሳለኝ ከመሠረተ ትምህርት የቀረ ሰው ሲያድን ጁማን መንገድ ላይ አገኘው። ግድግዳ ላይ ያለውን «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚለውን አንብብ አለው። ጁማ ግድግዳውን በአድናቆት ተመለከተ። ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ መሃይም ነው። አማርኛ አልችልም ማለቱ ደግሞ ላለመማር የተፈጠረ አዲስ ዘዴ ነው። «ደንቆሮ ነኝ ያለ አጋጥሞኛል፤ ሕንድ ነኝ ያለ ግን የመጀመሪያው ነው» አለኝ ደሳለኝ፤ ማክበሩ ያስታውቃል።

ደርሼ ሳየው የሒሳብ ዲግሪው ባለቤት ከሽማግሎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ «ሀ ሁ ሂ» ይላል። ከጎኑ እማማ ራቢዓ። እሷ እስከ ዛሬ ጉልበቴን፣ ወገቤን፣ ዓይኔን እያለች ትምህርቱን ስትሸሽ የኖረች ናት። «የልጅ ልጄ እየተማረ እኔ ልቅር?» አለች።

ላወጣው ስል በእንግሊዝኛ «ተይኝ፣ ደስ ብሎኛል» አለኝ። ለነገሩ ማስተማሪያው ክፍል ለእኔ ቤት ቅርብ ስለሆነ አልፎ አልፎ ጎራ ማለት አይከብደኝም።

ጥር 21

መውሊድ። የእማማ ጎረቤቶች መንዙማ ላይ ነበሩ፣ ድቤው ሲመታ ከቤቴ ይሰማል። ጠሩኝ፤ ባይጠሩኝም እሄድ ነበር።

ጁማ መጀመሪያ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቀጥሎ ጣቱ ጉልበቱ ላይ መምታት ጀመረ። ከዚያ ሳይጠይቅ ድቤውን ከባለቤቱ ጭን አነሳ። ባለቤቱ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ምቱን ሲሰማ ከፍቶት ቀረ። ዜማው የእኛ አልነበረም፣ ምቱ ግን ገባበት። ሰዎቹ በምቱ አሸበሸቡ። ያኔ ተነስቶ፣ በዓይኑ አንድ ነገር ሲፈልግ፣ የእማማን የወተት መናጫ ቅል አየ።

ኮኮናት ቆቦ አይበቅልም። ቅሉ ጣራ ሊነካ ወጣ፣ ሲወርድ ግንባሩ ጠበቀው። ተሰነጠቀ፤ ቅሉ ማለቴ ነው። የቀረው አሬራ ፊቱ ላይ ወረደ።

እማማ ራቢዓ ተነስታ ሁለቱን ግማሽ ቅል አንስታ አየች፣ ከዚያ ለሰው ሁሉ አሳየች።

«ጅብሪልም እንዲሁ ነበር አሉ» አለች። «ዕቃ አይበረክትለትም።»

ከዚህ በኋላ የተጠራጠረ ሰው የለም። ጁማ ፊቱን ሲጠርግ አጠገቤ መጥቶ «በእኛ አገር ይህን ብዙ ጊዜ የምናደርገው በሠርግ ነው» አለኝ። ለምን እንደነገረኝ አላውቅም። ለጠቅላላ እውቀት ይመስለኛል።

ጥር 23

ጁማ ከግማሹ ቅል የዜማ ዕቃ ሠራ። ማሉንጋ ይሉታል፤ ቀስት ነው፣ አንድ አውታር፣ ቅሉ ከወገቡ ይታሰራል። አንድ አውታር ብቻ ሆኖ ይህን ያህል ሆድ ማባባቱ ተገቢ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። እማማ አንገቷ ላይ ያለችውን ቀይ የድንጋይ ዶቃ አይቶ ዘሎ ተነሳ። እናቷ ከእናቷ የወረሰቻት ናት፤ ከባሕር የመጣች ናት ከማለት ሌላ ማንም አያውቅላትም። ይህ ድንጋይ ከባባ ጎር ኮረብታ ነው የሚወጣው አለ፤ ወገኖቹ ሲቆፍሩት ኖረዋል፣ በእሳት አግለው ቀይ ያደርጉታል፣ በጥንት ጊዜ በመርከብ ወደዚህ ይላክ ነበር። ሰው ወደዚያ ሄደ፣ ድንጋይ ወደዚህ መጣ። ስተረጉምላት እማማ ዶቃዋን ጨብጣ ቀረች።

ጥር 27

ጌታሁን መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ለሚሊሺያ ሰው እንዲያቀርብ ታዟል፣ አንድ ይጎድለዋል፤ የጎደለው አንድ ወንድሙ አለሙ እንዳይሆን ተጨንቋል። የሚሸጥ ግመል እንደሚታይ ጁማን ከትከሻው እስከ ጥርሱ አየው።

«ጠንካራ ነው» አለ።

«የሕንድ ዜጋ ነው፣ ጓድ ጌታሁን።»

«ፓስፖርቱስ?»

ፓስፖርቱ ለመኖሪያ ፈቃድ አዲስ አበባ ነው። ነገርኩት።

«እንግዲያው የለውም» አለ። «ሕንድ ነው የሚል ፓስፖርት የለም። ዘመዳችን ነው የሚል ሕዝብ አለ። እኔ ደግሞ ከሕዝብ ጎን ነኝ። ለመሆኑ ለራቢዓ የጅብሪል ዘር ነው ብለሽ የነገርሻት አንቺ አይደለሽ ጓዲት?»

አንዳንድ ዝምታ አለ፣ ፊርማ የሚሆን።

ጁማ በቅርብ አማርኛ ጀምሯል፤ የተማረው እኔና እማማ ስንጨዋወት ሰምቶ ስለሆነ ሰውን ሁሉ በሴት ነው የሚያናግረው። ሊቀመንበሩ ሲነሳ ክብር ሊያሳየው ፈልጎ «ደህና ዋይ እህቴ» አለው። ይህ አልጠቀመንም።

ጥር 28

ጋሽ ሐጎስ ስለ ፓስፖርቱ ለአዲስ አበባ ቴሌግራም ልከዋል። ለጌታሁንም ሄደው ሊመሰክሩ አሰቡ፣ ግማሽ መንገድ ደርሰው ተመለሱ። በዚህ ዘመን ሐጎስ የሚል ስም ይዞ ለሌላ ሰው ማንነት መመስከር ጥበብ አይደለም አሉ። አልፈረድኩባቸውም። እኔስ?

ጥር 30

መልስ የለም። ዘማቾቹን የሚወስደው የጭነት መኪና ከቅበላ በኋላ ይመጣል ተባለ። ተማሪዎቹ ከሒሳብ መምህራቸው ጋር ገና ሲላመዱ መሄዱ አይቀርም ብለው ያዝናሉ። አንዱ ብቻ «ፈተናውን ከሰጠ በኋላ ነው በፊት?» ብሎ ጠየቀኝ።

የካቲት 2

ለቅበላ ጎብዬ፣ እናቴ ዘንድ። እናቴ ታንጉት ነገር የምትረሳ ሴት አይደለችም፤ ከሃያ ዓመት በፊት ማን ስንት እንቁላል እንደተበደረ ታውቃለች። ስለ ጅብሪል ጠየቅኋት።

«ጅብሪል?» አለች። አሰበች። ሥጋውን አገላበጠች። «ራቢዓ ካለች አለ።»

«አንቺስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ። ምን አስጨነቀሽ ግን? የምን ቆጠራ ነው በጣትሽ?»

አልቆጠርኩም። እጄ ቀዝቅዞኝ ነው።

የካቲት 6

ለታሪክ ጥናት ያህል፦ ከሦስቱ ወንድማማቾች አባት ብንነሳ፣ ጅብሪል አንድ፣ የጁማ አባት ሁለት፣ ጁማ ሦስት። በእኛ በኩል ቅድመ አያቴ አንድ፣ አያቴ ሁለት፣ እናቴ ሦስት፣ እኔ አራት። በየወገኑ ሰባት ቤት አይሞላም። በማንኛውም በኩል ብቆጥረው አይሞላም። ከአያቴ እናት ወገን ጀምሬም ሞክሬያለሁ፣ ያ ደግሞ ጨርሶ አይነካውም።

ይህን የምጽፈው የዘር ሐረግ አቆጣጠር በራያ እንዴት እንደሆነ ለማስታወስ ብቻ ነው።

የካቲት 9

ሄድኩ። ለእማማ እውነቱን ልነግራት። ቀልድ ነበር፣ ሂጂና ለጌታሁን ዘመዴ አይደለም በይው ልላት። የልጅ ልጅ ሰጥቶ መልሶ መንጠቅ ምን እንደሚባል እያሰብኩ ሄድኩ። ስም አላገኘሁለትም።

«እማማ፣ ያን ቀን የነገርኩሽ…»

«ያችን ዶሮ አባሪልኝ።»

አባረርኩ። «ያን ቀን ስለ ጁማ…»

«አብሽሪ። ያ የአለሙ ማሳ ላይ ማሽላው እንዴት ነው? በዚያ በኩል አልፈሽ የለም?»

«ማሽላውማ ደህና ነው፣ ጎርፉን የሚጠልፍበት ቦታ ላይ ስለሆነ። እማማ፣ ስሚኝ…»

«ማሳው የእኔ ነበር» አለች። «አውቀሽ የለም? መሬት ሲደለደል ‘የሚያርስ ወንድ የላትም’ ተብሎ ነው ለጌታሁን ወንድም የሄደው።» ከዚያ ዶሮዋን ራሷ አባረረች፤ እንደማየው የትም አልሄደችም ነበር። «ሂጂ ልጄ፣ አበጋሩን ጥሪልኝ።»

ሳልነግራት ሄድኩ። ፈሪ ነኝ። ጽፌዋለሁ።

የካቲት 12

ከአዲስ አበባ መልስ መጣ፦ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው።»

መኪናው ነገ ወይ ከነገ ወዲያ።

የካቲት 13

እስከ አሁን እየሳቅሁ ነው፤ ሳቅ መሆኑን ለመቀበል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

አበጋር ሙሀመድሰይድ ወንዙ ዳር ዋርካው ሥር ተቀመጡ። አበጋር ማለት እርቅ በዘር የሚወርድለት ሽማግሌ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ፊታቸው አይዋሽም፣ እርግማናቸውን ሊቀመንበርም ይፈራዋል። በአንድ በኩል ጌታሁንና ወንድሙ አለሙ፣ ጠመንጃውን የያዘው ደሳለኝ። በሌላው እማማ ራቢዓ፤ አጠገቧ ጁማ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። ሸሚዙን የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱ የከሰል ካውያ ስለሌለ።

እማማ ተነሳች።

«አበጋር፣ እኔ ልጄን አልከለክልም። ጌታሁን የጅብሪል ዘር ነው፣ ዘመዷ ነው፣ ይዝመት ብሏል። እሺ ብያለሁ።»

ጁማ ምን እንዳለች በዓይኑ ጠየቀኝ፤ አልተረጎምኩለትም።

«ግን የራያ ሰው ሲዘምት እንደ ባዘነ አህያ አይነዳም። ማሳውን አስረክቦ፣ ‘አደራ’ ብሎ ነው። ጌታሁን፣ መሬቴን ስትወስዱ ምን ነበር ያላችሁኝ?»

ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሚያርስ ወንድ የለሽም አላችሁኝ። ይኸው ወንድ። እናንተው መሰከራችሁ። ‘መሬት ላራሹ’ እያልኩ ሰልፍ ላይ አብሬአችሁ ጮኼያለሁ፣ ዛሬ ደግሞ ማንበብም ጀምሬያለሁ። ማሳው ይመለስና ይዝመት። እስኪመለስ እኔ አሳርሰዋለሁ።»

ሰዉ ወደ አለሙ ዞረ። አለሙ ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ጌታሁን» አለ አለሙ፣ በቀስታ፣ «እሱ ሰውዬ ሕንድ አይደለም እንዴ?»

«ነገሩን ገና እያጣራን ነው» አለ ጌታሁን።

«ሊቀመንበር» አሉ አበጋሩ፣ «ዱዓ ላደርግ ነው። ከዱዓ በኋላ ቃል አይቀየርም። ዘመዷ ነው ወይስ ባዳ?»

ጌታሁን ጁማን አየ፣ ጎሊናን አየ፣ ማሽላው ያለበትን አቅጣጫ አየ። ሰው ሲያስብ እንዲህ ፊት ለፊት አይቼ አላውቅም።

«ባዳ ነው» አለ። «የሕንድ ሕዝብ ልጅ ነው። እኔ መጀመሪያውኑም ጠርጥሬያለሁ። አፍንጫውን ማየት ብቻ ይበቃል።»

የጁማን አፍንጫ አየን። ዋርካው ሥር ከተቀመጠው ሰው የግማሹ አፍንጫ ነበር፤ የጌታሁንን ጨምሮ። አበጋሩ ዱዓ አደረጉ፣ «አሚን» አልን። ደሳለኝ ከሁሉ በላይ ጮኾ አለ፤ ከዚያ ወደ ጁማ ጠጋ ብሎ «መሠረተ ትምህርቱ ግን አይቀርም» አለው።

ማታ የጎደለው አንድ ሰው ተሞላ። አለሙ ነው፣ ደሴ ድረስ ሄዶ በጤና ምክንያት እንደሚመለስ ይገመታል።

የካቲት 14

ትላንት ስስቅ ያልጻፍኩት አለ። ሰዉ ሲበተን ጁማ ከተቀመጠበት አልተነሳም። የዳነ ሰው መልክ አልነበረውም። «ባዳ» የምትለዋን ቃል ማንም ሳይተረጉምለት ያውቃታል፤ እማማ ስለ ጎረቤት ድመት ስታወራ ሰምቷታል።

«እማማ» አላት በዚያች በአጭር አማርኛው፣ «እኔ ባዳ?»

ባቡር ላይ ሲጠይቁት እንዲህ ዓይነት ድምፅ ነበረው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ወገን ለቀልድ ሰጥቼው፣ በሸንጎ አስነጠቅሁት።

እማማ ነጠላዋን አራግፋ አየችው። «ለመንግሥት ባዳ ነህ» አለችው። «እኔ ግን ቅሌን የሰበረ ባዳ አላውቅም። ተነስ፣ ራት ይቀዘቅዛል።»

የገባው ግማሹ ይመስለኛል። ተነሳ።

የካቲት 25

የመሠረተ ትምህርት ፈተና ውጤት ዛሬ ተለጠፈ። እማማ ራቢዓ አለፈች። ጁማ ወደቀ። ጋሽ ሐጎስ ሰምተው በጣም ተጽናኑ፤ «እንግዲያው እውነተኛ ሕንድ ነው» አሉ። ፓስፖርቱም መጥቷል፤ ማንም ሊያየው አልጠየቀም።

ልናዘዝ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ዶሮዋ እንዳትገባብኝ በሩን ዘጋሁ።

«እማማ፣ ያን ቀን የእናንተው ነው ያልኩሽ ቀልድ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«…ታዲያ ጅብሪል?»

«አባቴ አንድ ወንድም ነበረው። ጎብዬ የገባው፣ የአንቺ ቅድመ አያት። ሌላ አላውቅም።»

የተቀመጥኩበት ዱካ ተንቀጫቀጨ። ስንት ማታ የቆጠርኩት ሰው ነው።

«አንቺ አንድ ቃል ዋሸሽ» አለች፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ረጋ ብላ። «እኔ ስም አወጣሁለት። ስም የሌለው ውሸት አያድርማ። ቤት የተከራየ ሰው አንድ ቀን ሳጥኑን ይዞ ይሄዳል። የልጅ ልጅ ግን ቢሄድም ይመለሳል። በሩን ስዘጋ የምጠራው ሰው አማረኝ፣ በቃ። መሬቱ ትዝ ያለኝ ጌታሁን ሲመጣ ነው።»

«ቢወስዱትስ ኖሮ?»

«አለሙ ያን ማሳ ይለቃል ብለሽ ነው?» ጣቷ ዶቃዋ ላይ ሄደ። «ይቺ ግን ከእሱ አገር መጣች ብሏል። ይቺን እኔ አልፈጠርኳትም። እሷን እንጃ።»

ከግቢው ማሉንጋው ይሰማ ነበር፣ ያ አንዱ አውታር። እኔ ወደ መስኮቱ ስመለከት እማማ እኔን ስትመለከት ቆይታለች።

«አሁንማ ጅብሪል የለም» አለች። «በሸንጎ ተረጋግጧል፣ ዱዓ ተደርጎበታል። ባዳ ነው። ጣቶችሽን አሳርፊ።»

ለታሪክ ጥናት እንደነበር ገለጽኩላት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ክብሬን ይዤ ወጣሁ።

ሲዲ ጁማን ፊደል የማስጠናው ከነገ ጀምሮ እኔ ነኝ። ለትምህርት ጥራት ሲባል፣ በየቀኑ።

በመመለሻዬ በገበያው አልፌ ለእማማ በተሰበረባት ፈንታ ቅል ገዛሁ። ሁለት ገዛሁ። ሁለተኛውን ለምን እንደገዛሁት አላውቅም። ርካሽ ነበር።